የጅግራ ልጅ

ውርንጭላ ሲወለድ ሰው የሚለው የታወቀ ነው። «እሰይ!» ይላል፣ «ለጭነት ያብቃው» ይላል፣ ከዚያ የእግሩን አቋቋም እያየ ጉድለት ይፈልግለታል። የእማማ በለጥሽ ባዝራ የወለደች ጠዋት ግን አንድም ሰው እሰይ አላለም። ጎረቤቱ እየመጣ በበረቱ በር አንገቱን ያሰግጋል፣ ያያል፣ ጋቢውን አፉ ላይ አጣፍቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ጎረቤት ዝም ካለ ነገር አለ። በዚያ ሰፈር ደግሞ ዝም የሚል ሰው ከየት ይመጣል? ስለ ሰው ዶሮ እንኳ ግማሽ ቀን የሚያወሩ ሰዎች ናቸው።

እማማ በለጥሽ አርባ ምንጭ ላለችው ልጃቸው ደወሉ።

«ሰሊሆም፣ ባዝራዋ ወለደች።»

«እሰይ እማዬ! ምን መሳይ ወለደች?»

«ነይና እዪው» አሉና ስልኩ ተዘጋ።

ሰሊሆም በእንስሳት እርባታ ተመርቃ እዚያው ከተማ የምትሠራ ልጅ ናት። ሥራዋ ዝርያ ማሻሻል ነው፤ የትኛው ኮርማ ከየትኛዋ ላም ጋር ቢገናኝ ምን እንደሚወለድ ስታወራ ትውላለች። የእናቷ ድምፅ ስላላማራት ፈቃድ ጠይቃ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከታች ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር፤ ከዶርዜ በላይ ከሚኒባሱ ስትወርድ ጉሙ የመንገዱን ዳር እንኳ አያሳይም። ሹራቧን ረስታ በመምጣቷ ራሷን እየሰደበች በእግሯ ወጣች።

እናቷ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ወደ በረቱ ወሰዷት። ውርንጭላው ቆሞ ይጠባል። ጥቁር ነው። ከወገቡ ጀምሮ እስከ ጭራው ሥር ግን ነጭ ነጠብጣብ ፈሶበታል፤ ልክ የጅግራ ላባ። ሰሊሆም የበረቱን አግዳሚ ያዘች።

እንዲህ ያለ ፈረስ በዚያ ደጋ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዳማ ሞልቷል፣ ቡላ ሞልቷል፣ ግንባረ ቦቃውም አይጠፋም፤ ነጠብጣቡን ግን ያመጣው ወንድሟ በርናባስ ነበር። ከገረሴ ገበያ፣ አገሩ ካልታወቀ ነጋዴ ገዝቶ አመጣና ጅግራ ብሎ ስም አወጣለት። ፖም ጭኖበት ሊወርድ፣ ሙዝ ጭኖበት ሊወጣ ነበር ሐሳቡ። ጅግራ ከመጣ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሞላው፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ ተራራው ተናደና ከገበያ የሚመለሱትን መንገደኞች ከነጭነታቸው ዋጠ። የአንዳንዱ ሬሳ ተገኘ። የበርናባስና የጅግራ አልተገኘም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች «እስቲ እንጠብቅ፣ እንጸልይ» ብለው ነበር። የአባቱ ወገኖች ግን አልሰሙም። አጎቱ ጋሽ ኤርጫፎ፣ «ሬሳ የሌለው ለቅሶ ካልደመቀ ሟቹ መንገድ ይጠፋበታል» ብለው አገሩን በሙሉ ጠሩ። ለቅሶ ሜዳው ላይ የበርናባስ ኮት እንጨት ላይ ተሰቀለ፤ ወንዶቹ ጦር ይዘው እየፎከሩ ዞሩት። እማማ በለጥሽ ራሳቸውን ተላጭተው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ያን ቀን ለማንም አልገደደም። ያላለቀሰች ሰሊሆም ብቻ ናት። እጇን አጣምራ ቆመች። «ሬሳውን አሳዩኝና አለቅሳለሁ» አለች። ልበ ድንጋይ አሏት፣ ትምህርት ያደረቃት አሏት፤ አልመለሰችም።

በዚያ ሰፈር ደግሞ አንድ የቆየ ነገር አለ። የተለቀሰለት ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ይላሉ፤ እሱ በበሩ ከገባ፣ ካለቀሱለት አንዱ በበሩ ይወጣል። ሲወጣም በእግሩ አይደለም። ተለቅሶለት የተመለሰ ሰው ታይቶ ስለማያውቅ ነገሩን ማንም አልፈተነውም፤ ልጆች ሲጫወቱ ብቻ ነበር የሚያነሱት።

ሰሊሆም ውርንጭላውን ደጋግማ ዳሰሰችው። ነጠብጣቡ ጭቃ አይደለም፣ ቁስል አይደለም፤ ፀጉሩ ከሥሩ ነጭ ነው።

«እማዬ» አለች፣ «ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም። ዳማ ተደብቆ ይሄዳል። ሁለት ጥቁር ፈረሶች ዳማ ሊወልዱ ይችላሉ፤ ከአያት የወረሱትን በደማቸው ይዘው ሲዞሩ ኖረው፣ አንድ ቀን ልጁ ላይ ይወጣል። ይሄ ነጠብጣብ ግን መደበቅ አይችልበትም። ልጁ ላይ ከወጣ፣ ከአባቱ ወይ ከእናቱ ገላ ላይ በግልጽ መታየት አለበት።»

«ባዝራዋ ቡላ ናት» አሉ እማማ በለጥሽ።

«ቡላ ናት። አንድ ነጥብ የላትም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አባቱ ጅግራ ነው። ፈረስ የምታረግዘው አሥራ አንድ ወር ነው። አምና ይሄን ጊዜ ጅግራ በሕይወት ነበር፣ እዚህ በረት አጠገብም መጥቶ ነበር።»

እማማ በለጥሽ ድርቆሹ ላይ ተቀመጡ። «ፈረሱ ካለ…» አሉና የቀረውን በእጃቸው አፍነው ዋጡት። ሰሊሆም ግን የቀረውን በልቧ ጨረሰችው። ፈረሱ ካለ ወንድሟም ሊኖር ይችላል! ለአራት ዓመት ልበ ድንጋይ ተብላ የጠበቀችው ይህችን ቀን ነው።

ጋሽ ኤርጫፎ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ከአጥራቸው ሥር እንሰት ይኮተኩታሉ።

«ጋሼ፣ የውርንጭላችን አባት ማነው?»

ቀና አላሉም። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ምን አስቸኮለሽ?»

«እኔ በቅሎ አልጠየቅኩም።»

«እንግዲያው ጉሙ ነው። ጉም ሲወርድ ባዝራችሁ ውጭ አድራ መጣች።»

«ጉም አያስረግዝም ጋሼ። እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚህ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። አሁን መኮትኮቻውን ጣሉና መዳፋቸውን አሻሹ። «ስሚኝ ልጄ፣ አንቺ ያላለቀስሽ ነሽ። የፈለግሽበት ብትሄጂ ማንም አይይዝሽም። እኔን ግን አትጠይቂኝ፤ እኔ ከፊት ሆኜ ያለቀስኩ ነኝ» አሉና ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

በማግስቱ ጠዋት ሰሊሆም ባዝራዋን ፈታች። ገመድ አላሰረችባትም፤ የምትሄድበትን ታውቃለችና። ባዝራዋ አልዋለለችም። በእንሰቱ መሐል አልፋ፣ ውርንጭላዋን አስከትላ፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ፣ ወደ ቀርከሃው ጫካ ወጣች። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ሰሊሆም የምትከተለው የኮቴ ድምፅ ብቻ ነበር። ወፍ እንኳ አይጮህም። ቀርከሃው ነፋስ ሳይኖር ይንቋቋል።

ጫካው አፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ተቀምጧል። ነካችው፤ ትኩስ ነው። አጠገቡ ጨው በወረቀት፣ ክብሪት፣ የታጠፈ አሮጌ ሱሪ። ሱሪውን አወቀችው፤ የጎረቤታቸው የማህደር ባል ሱሪ ነው። ማህደር ጠዋት ጠዋት ቅርጫት ይዛ ስትወጣ «ቀርከሃ ልለቅም ነው» የምትለው ትዝ አላት። አራት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ቀርከሃ ምን አደረገችው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አገሩ በሙሉ ያውቃል፤ እያወቀ ይቀልባል፤ እየቀለበ ዝም ይላል። ቢያውቁ ጠርተው ያስገቡታልና፣ ሳያውቁ የኖሩት የእነሱ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ባዝራዋ አሽካካች። ከጫካው ውስጥ መልስ መጣ።

ጅግራ ከጉሙ ወጣ። ጥቁሩ ገላው በደንብ ይታያል፤ ነጮቹ ነጠብጣቦች ግን ቀዳዳ ይመስላሉ፣ ጉሙ በመሐላቸው አልፎ የሚታይ ነው የሚመስለው። ሰሊሆም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች። ከዚያ ጋማውን አየች፤ ተበጥሯል። ኮቴውን አየች፤ ተስተካክሏል። መናፍስት ኮቴ አያስተካክሉም ብላ ራሷን አጽናናች። ከፈረሱ ኋላ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት፣ ጋቢ ተከናንቦ ቆሟል።

«ስሜን እንዳትጠሪ» አለ።

ድምፁ ሻክሯል፣ ግን የወንድሟ ድምፅ ነው። ስሙን ከአፏ መለሰችው።

«የት ነበርክ?» አለች ላለማልቀስ ጥርሷን ነክሳ። ማልቀስ እንደሌለባት አካሏ አውቋል።

«ተራራው የተናደ ቀን ገና አልተነሳሁም ነበር። ኩልፎ ወንዝ ዳር ከሙዝ እርሻው ወባ ጥሎኝ ነበር። ስነሳ መጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ለቅሶ ሰማሁ። የማን ይሆን ብዬ እኔም አዘንኩ፣ ታውቂያለሽ? ከዚያ የራሴን ኮት አየሁት፣ እንጨት ላይ ተሰቅሎ። እማዬን አየኋት፣ ራሷን ተላጭታ። ሁላችሁንም ከላይ አየኋችሁ። አንቺ ብቻ እጅሽን አጣምረሽ ቆመሻል።»

«አላመንኩም ነበር።»

«አውቃለሁ። አሁን የማናግርሽ ለዚህ ነው።»

«ና እንውረድ! በቃ፣ ና!»

«እኔ በበሩ ከገባሁ በበሩ የሚወጣው ማነው? ከሁሉም በላይ ያለቀሰው ማነው?»

«አንተ የምታምን ክርስቲያን ነህ፤ ይሄን ታምናለህ?»

«አላምንም» አለ፤ «ግን በእማዬ ልሞክረው?»

ሰሊሆምም በዚያ ነገር አላምንም የምትል ነበረች፤ በእናቷ ሞክሪው ብትባል ግን እሺ አትልም።

«ፈረሱንስ ለምን ለቀቅከው?» አለች በመጨረሻ።

«ፈረሱን ምን ብዬ ልከልክለው? ለሱ ማን አለቀሰለት? እሱ እንደ ልቡ ይወርዳል።» ዞር አለ። ፊቱ ያው ፊቱ ነው፤ ፂሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። ውርንጭላውን ሲያይ ብቻ ፈገግ አለ፤ ሲዋሽ የሚንቀጠቀጥበት የከንፈሩ ጥግ፣ ሲደሰትም እንደሚንቀጠቀጥ ረስታው ነበር።

ሰሊሆም ወርዳ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ይጮሃሉ ብላ ጠብቃ ነበር፣ አልጮሁም። እጃቸውን ታጠቡና በረቱ በር ላይ ሄደው ቆሙ። የጅግራ ልጅ እናቱን ተጠግቶ ተኝቷል።

«ይሄስ መንገድ አግኝቶ ገባ» አሉ።

«በምን?»

«ተወልዶ ነዋ! ያሉት በበር ከገባ ነው። ከማህፀን የመጣን ማን ምን ይለዋል? ሂጂ፣ አጎትሽን ጥሪልኝ። ልወልድ ነው በይው።»

ሰሊሆም እናቷ አእምሯቸውን የሳቱ መስሏት አመነታች። ጋሽ ኤርጫፎ ግን ሲሰሙ አልሳቁም። ከበረቱ አጠገብ ተቀምጠው ብዙ አሰቡ። ተነስተው ተመላለሱ፣ እንደገና ተቀመጡ።

«የተወለደን መከልከል አይቻልም» አሉ። «ግን በበሩ አይገባም። ስሙም ሌላ ይሆናል። ደግሞ በለጥሽ፣ ስሚኝ፤ የተወለደ ልጅ የፊቱን አያውቅም። አንድ ቀን አውቃለሁ ካለ፣ ያ የተለቀሰለት ሰው ነው ማለት ነው፤ ያኔ የገባው በበር ነው።»

«ይሁን» አሉ እማማ በለጥሽ።

ሰሊሆም ይህን ሁሉ ሰምታለች። ልቧ ውስጥ የቀረው ግን ይገባል የሚለው ብቻ ነበር። ሲደሰት ሰው ግማሽ ጆሮ ነው ያለው። የሽማግሌውን ቃል ማህደር ከቆጮው ጋር ወደ ጫካው አደረሰችው።

ሁለተኛ ቀን ሳይሞላ፣ ጎህ ከቀደደ በኋላ፣ የሰፈሩ ሴቶች መጡ። ማህደር ገንፎ ይዛ መጣች። እማማ በለጥሽ አልጋቸው ላይ ተኝተዋል፣ አናታቸው ላይ ቅቤ ተደርጓል። ከኋላ በኩል የቀርከሃው ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበት ተቆርጧል። ማንም ቀልድ አላወጣም። ያ ሁሉ ሴት ትንፋሹን ይዞ ቀዳዳውን ያያል፤ በቀዳዳው የሚገባው ጉም ብቻ ነው።

ከዚያ እማማ በለጥሽ ጮኹ። ጩኸቱ የማስመሰል አልነበረም። ሰሊሆም ምጥ ሰምታ ታውቃለች፤ እንስሳም ሰውም። ያ ምጥ ነበር። የስልሳ ዓመት ሴት ወገባቸውን ይዘው፣ ላባቸው ተንቆርቁሮ፣ የአልጋውን እንጨት ነክሰው ጮኹ። በቀዳዳው መጀመሪያ ራስ ገባ፣ ከዚያ ትከሻ። ትከሻው ተቀረቀረ። ሴቶቹ በብብቱ ይዘው ጎተቱት። ወለሉ ላይ ወድቆ፣ በጭቃ ተለውሶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። ፂሙን እዚያው ጫካው ውስጥ ተላጭቶ ነው የመጣው። አይናገርም፣ ዓይኑንም አልገለጠም። ማህደር በለብታ ውሃ አጠበችው። እልልታው ከዚያ በኋላ መጣ፤ ለአራት ዓመት ድንጋይ ላይ ቆጮ ያስቀመጡ ሴቶች እልልታ።

«ዳግም ነው ስሙ» አሉ እማማ በለጥሽ፣ በደከመ ድምፅ።

«አይሆንም!» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ ከግድግዳው ውጭ። «ዳግም ካልሽው የፊተኛው ነበረ ማለትሽ ነው።»

«ኦይታ ይሁን።»

«ኦይታ ይሁን» አሉ ሁሉም።

ቀዳዳው የዚያኑ ቀን በአዲስ ቀርከሃ ተደፈነ። ጅግራ በጠራራ ፀሐይ በሜዳው ይግጣል፤ ጉም ነው የሚለው ጠፋ። እማማ በለጥሽ አልሞቱም፣ እንዲያውም ወፈሩ። ጎረቤቱም ወሬውን ጀመረ፤ የዚህን ውርንጭላ ጀርባ አያችሁልኝ፣ እግሩስ ትንሽ አልገባም፣ ምናምን። ሁሉ ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰሊሆም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ኦይታ «ውሃ የሚቀዳው በየት በኩል ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ሳቀች። ሰው እየሰማ ስለሆነ ነው አለች። በሁለተኛው የማህደርን ስም ጠየቃት። ከዚያ በኋላ ሳቋ እየቀጠነ ሄደ። በርናባስ የሚወደውን አሹቅ አምጥታ ሰጠችው፤ ቀምሶ «ይሄ ምን ይባላል?» አላት። በርናባስ ጅግራን የሚጠራበትን ፉጨት ከኋላው ሆና አፏጨች። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ሰውየው አልዞረም።

አንድ ቅዳሜ ከበረቱ ኋላ ብቻቸውን ሆኑ። እናቷ ጸሎት ቤት ናቸው፣ አጎቷ ገበያ። ውርንጭላው ፀጉሩን ቀይሮ ነጠብጣቡ ጎልቷል፤ ኦይታ በሣር ይፈገፍገዋል።

«እዚህ ማንም የለም» አለች ሰሊሆም። «ለኔ ብቻ። እኔ አላለቀስኩም፣ ለኔ ትችላለህ። ፈረስ ላይ መቀመጥ ያስተማርከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ወድቄ ጥርሴ ሲነቃነቅ፣ ለእማዬ እንዳልናገር በሸንኮራ የደለልከኝ?»

ሣሩን አስቀመጠና አያት። ዓይኑ ለስላሳ ነበር፣ ለእንግዳ ሰው የሚያዝን ሰው ዓይን።

«በርናባስ የሚሉት ወንድምሽ ነው አይደል?» አለ። «እኔ አልደረስኩበትም። ደግ ሰው ነበር ይላሉ።»

ሰሊሆም የከንፈሩን ጥግ አየች። ሲዋሽ የሚንቀጠቀጠውን። እስኪንቀጠቀጥ ጠበቀች። አልተንቀጠቀጠም። ውርንጭላውን አየች፤ የአባቱ ነጠብጣብ አንድም ሳይደበቅ ጀርባው ላይ ሰፍሯል። ይሄኛውም ደሙ ያው ደም ነው፣ እጁ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ ያው ጠባሳ ነው። ሰውየው ግን በውስጡ የለም። ወይም አለ፣ ለእናቱ ሲል በማይወጣበት ቦታ ገብቶ ዘግቶበታል። ይህ ከዚያኛው በምን እንደሚለይ አላወቀችም።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ለአራት ዓመት ከሦስት ወር የያዘችው መጣ፤ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ስሙን እየጠራች፣ «በርናባስ ወንድሜ፣ በርናባስ» እያለች፣ ያን ቀን ለቅሶ ሜዳው ላይ እንደነበሩት ሁሉ አለቀሰች። የሚከለክላት አልነበረም።

ሰውየው አጠገቧ ተንበረከከ። ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት እንደሚያደርገው እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ እስክትበርድ ጠበቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።